የመተማ መንገድና ገንዘብ ያልያዘው መንገደኛ

መተማ ዮሐንስ ከጎንደር ከተማ በስተምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የድንበር ከተማ ናት። ከማዶዋ የሱዳን ከተማ ከገላባት የሚለያት በበጋ የሚደርቅ ጠባብ ወንዝ ብቻ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ሳለ መተማ ከ800 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚሄድ ሰው አገር ብቻ ሳይሆን አየርም ይለውጣል። የጥንቱ መንገድ ከአዘዞ ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ደጋውን ይጨርስና ወደ ወህኒ ገበያ ያቆለቁላል፤ ከዚያ ቆላው ይጀምራል። የዛሬው አስፋልት በአይከል፣ በነጋዴ ባሕር፣ በገንዳ ውኃና በኮኪት ያልፋል። ከድንበሩ ማዶ ዶካና ገዳሪፍ ይከተላሉ፤ ከገዳሪፍ ወዲያ መንገደኛው እንደ ጉዳዩ ወደ ካርቱም፣ ወደ ከሰላ ወይም ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ይለያያል።

በዚህ መንገድ ስላለፉ ጦረኞችና መልእክተኞች ብዙ ተጽፏል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የቆሰሉበት ውጊያ በከተማዋ ስም ላይ ሳይቀር ታትሟል። ስንቁን በትከሻው አንግቦ በእግሩ ከአገር አገር ስለተሻገረው ድሃ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ቢሆንም መተማን መንደር፣ ኋላም ገበያ ያደረጋት ይኸው ድሃ መንገደኛ ነው፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው ወደ መካ በእግራቸው ሲሄዱ ወይም ከመካ ሲመለሱ እዚያ በቀሩ ሰዎች ነው።

እነዚህ ሰዎች ተክሩሮች ይባላሉ። በሱዳን ይህ ስም ከምዕራብ፣ ከዳርፉር፣ ከዋዳይ፣ ከቦርኑና ከዚያም ወዲያ ለሐጅ የሚመጡትን ጥቁር ሙስሊሞች ሁሉ ይጠቀልላል። ከመካከላቸው ሀብታምና መኳንንት አልጠፉም፤ አብዛኞቹ ግን ከቤታቸው ሲወጡ የመመለሻ ቀርቶ የመሄጃ ገንዘብ አልነበራቸውም። ሐጃቸው ዓመታት ይፈጃል። አንድ ቦታ ደርሰው ገንዘባቸው ሲያልቅ እዚያው እርሻ ይቀጠራሉ፣ እንጨት ይሸጣሉ፣ ክታብ ይጽፋሉ፣ ጥቂት ሲጠረቅም እንደገና ይነሣሉ። ለእነርሱ መንገድ ማለት ከሥራ የተለየ ነገር አልነበረም።

የአጓጓዛቸውን ነገር ከሁሉ በተሻለ ጽፎ ያቆየው ስዊዘርላንዳዊው ዮሃን ሉድቪግ ቡርክሃርት ነው። ቡርክሃርት እ.ኤ.አ. በ1814 ሼህ ኢብራሂም በሚል ስም፣ አነስተኛ ነጋዴ መስሎ፣ በሱዳን ያለው ሸንዲ ገበያ ገብቶ ከተክሩሮች ጋር ወደ ቀይ ባሕሩ ወደብ ወደ ሱዋኪን ወርዷል። የአንድን ተክሩር ጓዝ ሲዘረዝር የሚከተለውን ይቆጥራል፦ ወገብ ላይ የታሰረ ጨርቅ፣ ነጭ የሱፍ ቆብ፣ በረጅም በትር ጫፍ ተንጠልጥሎ በትከሻ የሚያዝ የስንቅ ስልቻ፣ የጸሎት መጽሐፍ ወይም ቁርዓን ያለበት የቆዳ ቦርሳ፣ ክታብ የሚጻፍበት ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ፣ ከትንሽ ቅል የተሠራ የቀለም ዕቃ፣ ውኃ የሚጠጣበትና የተመጸወተውን ምግብ የሚቀበልበት ጎድጓዳ ዕቃ፣ ለውዱእ የሚሆን የሸክላ ማሰሮ፣ ባንገት ላይ ረጅም መቁጠሪያ። ሌላ የለም። ብቻቸውን እምብዛም አይሄዱም፤ ስድስት ያህል እየሆኑ ይቧደናሉ።

ጓዙ በጥንቃቄ ቢታይ ከሰሌዳው፣ ከቀለሙና ከመጽሐፉ በቀር ሁሉም የመልበስ፣ የመብላት፣ የመጠጣትና የመጸለይ ዕቃ ነው። እነዚያ ሦስቱ ደግሞ የገንዘብ ምንጭ ናቸው። ማንበብና መጻፍ የሚችል ድሃ በማይምና በታማሚ አገር አይራብም፤ ክታብ ጽፎ ማሽላ ይቀበላል። ለጎንደር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ደብር እየለመነ የሚማረው የቆሎ ተማሪ የዚሁ ተክሩር የደጋ ወንድም ነው። ሁለቱም የሚለምኑት ሥራ ፈትተው አይደለም፤ ልመናው የጉዟቸውና የትምህርታቸው ሥርዓት ነው፤ ሰጪውም እንዲያ ብሎ ይሰጣል።

ከሸንዲ ወደ መካ የሚያደርሱ መንገዶች ከአንድ በላይ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ከሱዳኑ ከተማ ከሰናር ተነሥቶ በቆላው በኩል ወደ ጎንደር የሚወጣውና በአክሱም አድርጎ ምጽዋ የሚደርሰው ነው። ቡርክሃርት ራሱ በዚህ አልሄደም፤ የሄዱትን ግን ጠይቋል። የነገሩት ነገር ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል የሐበሻ ክርስቲያኖች ቤታቸው ቀርቶ ግቢያቸው እንደማያስገቧቸው፣ ከደጃፍ ውጭ እንደ ውሻ እንደሚያበሏቸው በምሬት ያወራሉ። በሌላ በኩል ማታ ማታ የተትረፈረፈ እራት ቀርቶባቸው እንደማያውቅ ያምናሉ። ሁለቱም እውነት ሳይሆኑ አይቀሩም። በዚያ ዘመን ክርስቲያን እስላም ያረደውን፣ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ጎንደር ውስጥ እንኳ ሙስሊሞች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በተለየ ሰፈር፣ አዲስ ዓለም በሚባለው እስላም ቤት፣ እንዲኖሩ ተደርጎ ነበር። ደጅ መከልከሉ የሃይማኖት ድንበር ነው፤ እራቱ ደግሞ የመሸበትን መንገደኛ፣ የእግዜር እንግዳ ነኝ ያለን ሰው፣ ጾሙን ማሳደር ነውር ነው ከሚለው ልማድ የመጣ ነው። ተክሩሩ ውርደቱን ችሎ እራቱን በላ፤ ስድቡን ያስታወሰውም ሆዱ ከሞላ በኋላ ሳይሆን አይቀርም።

ምጽዋ ሲደርስ ሒሳቡ ገንዘብ ይሆናል። ባሕሩን በልመና መሻገር ስለማይቻል ሳምንታት እየቆዩ በጉልበት ሥራ የመርከብ ዋጋ ያጠራቅማሉ፤ ቅርብ ወደሆነው የየመን ጠረፍ አንድ ብር፣ እስከ ጅዳ ሁለት ብር ይጠየቅ እንደነበር ቡርክሃርት ጽፏል። የአፍሪካን እኩሌታ በሚያቋርጠው በዚህ ጉዞ ውስጥ ቁርጥ ያለ ዋጋ የነበረው ይህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ከመካ ሲመለሱ ወይም ገና ሲሄዱ ገላባት አካባቢ የደረሱት ግን አንድ ነገር አዩ። መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው፣ ዝናቡ በቂ ነው፣ ሰው የለበትም ማለት ይቻላል። ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጥቂቶቹ እዚያው ሰፍረው ማሽላና ጥጥ ማረስ ያዙ። በደጋውና በሰናር መካከል ያለው ይህ ጠፍ መሬት የሁለቱም፣ የማንም ነበር፤ ሰፋሪዎቹም ያንን በሚገባ ተጠቀሙበት። የተክሩር ሼሆች በ19ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያም፣ ሱዳንን ለያዙት ግብፆችም ይገብሩ ነበር። ሁለት ግብር መክፈል ኪሳራ ይመስላል፤ ከሁለት በኩል ከሚመጣ ዘረፋ ጋር ሲመዛዘን ግን ርካሽ ነበር። ገበያቸው በሁለቱም ዘንድ የተፈቀደ፣ የደጋው ነጋዴና የቆላው ነጋዴ ያለ ፍርሃት የሚገናኙበት ቦታ ሆነ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 ሲደርስ ያገኘው ይህንኑ ነው፦ ሣር ቤቶች፣ ትጉህ ገበሬዎች፣ ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ፣ ፈረስ፣ በቅሎ የሚሸጥበት ገበያ። ባሪያም ይሸጥበት ነበር። በዙሪያው ያሉ የጉሙዝ መንደሮች ለዚህ ገበያ የከፈሉት ዋጋ ከባድ ነው፤ በነፃ ፈቃዱ የሚጓዘው ድሃና በገመድ ታስሮ የሚነዳው ሰው በአንድ መንገድ ላይ ይሄዱ ነበርና።

በዚህ መንገድ ላይ የመጀመሪያው ምክር ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ጊዜ ነበር። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ጓንግ፣ ሽንፋና ገንዳ ውኃ ይሞላሉ፤ መረሬው ጭቃ ሆኖ የከብቱን እግር ይይዛል፤ ዝንቡ ከብት ይጨርሳል። ዘላን ዐረቦች ግመሎቻቸውን እየነዱ ወደ ሰሜን፣ ወደ አሸዋማው አገር የሚሸሹት በዚህ ጊዜ ነው። ክረምቱ ሲወጣ መንገዱ ይደርቃል፤ ግን ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የንዳድ ወራት ነውና ደገኛው ቆላ መውረዱን ይፈራል። ስለዚህ አመቺው ወቅት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ድረስ ያለው ነው፤ በኋላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘላል።

ይህን ያልጠበቀ ይቀጣል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ዐፄ ኢያሱ አንደኛን ሊያክም እ.ኤ.አ. በ1699 ከካይሮ ሲመጣ ከሰናር የተነሣው በግንቦት ነበር። አብሮት የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆኑት አባ ብሬቭደን ዮሴፍ የሚባል አሽከር መስለው ይጓዙ ነበር። ቆላውን በዝናብ ተሻገሩ፤ አባ ብሬቭደን ጎንደር ሊገቡ ግማሽ ቀን ሲቀራቸው ባርኮ ላይ በተቅማጥ ሞቱ። ፖንሴም ታሞ ሰንብቶ ነው የገባው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከጎንደር ወደ ሰናር ሲወርድ፣ ወቅቱን ጠብቆ በታኅሣሥ ተነሣ፤ ያም ሆኖ በመተማ አካባቢ ባለው በራስ አልፊል ቆላ፣ ሆር ካካሙት በተባለ ቦታ፣ ታሞ ሁለት ወር ያህል ተኛ።

ሁለተኛው ምክር ብቻን አለመሄድ ነው። ሽፍታና አውሬ ባለበት ጠፍ መሬት ላይ ቅፍለት መጠበቅ ግድ ነበር። ሲራራ ነጋዴዎች በነጋድራስ እየተመሩ፣ በብዛት የጎንደር ጀበርቲዎች፣ ከጎንደር እስከ መተማ ከአምስት ቀን እስከ ሳምንት ይጓዙ ነበር። ከብትም ጭነትም የሌለው ሰው ቅፍለት ውስጥ የሚገባው በጉልበቱ ነው፤ ሲጫንና ሲራገፍ ያግዛል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ማታ በእሾህ አጥሩ በር ላይ ያድራል። ወህኒ ላይ ደግሞ ሥራ ሞልቷል። ግመል የደጋውን ዳገት አይወጣም፤ ከቆላ የመጣው ጭነት እዚያ ይራገፍና በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ሸክም ይተካል። ለነጋዴው ወጪ የሆነው ይህ የጭነት ቅያሬ ለድሃው የእራት መገኛ ነበር።

ኬላው ላይም እንዲሁ ነው። በጭልጋና በወህኒ ቀረጥ የሚቆረጠው በጭነት ላይ ስለሆነ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ለቀረጥ ሰብሳቢው አይረባም። የሚያስከፍሉት ነገር የሌለውን ሰው ማቆየት ማብላትን ያስከትላል። ባለጸጋው መንገደኛ ግን በየኬላው፣ በየሹሙ፣ በየሼሁ ዘንድ ስጦታ ይጠበቅበታል። ብሩስ ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ነው። በንጉሡ የራስ አልፊል ገዥነት ተሾሞ ነበር፣ የሹሞች ደብዳቤ ይዟል፣ መሣሪያ አለው፣ አሽከር አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1772 ከድንበሩ ማዶ ጤዋ ሲደርስ የአትባራው ሼህ ፊዴሌ ወርቅ አምጣ ብሎ ለሳምንታት አገተው። በዚያው መንገድ ማሰሮና ሰሌዳ ይዞ ያለፈውን ተክሩር ለወርቅ ብሎ የሚያግትበት ምክንያት አልነበረም። የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ለዐፄ ቴዎድሮስ ይዞ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳምም እ.ኤ.አ. በኅዳር 1865 መተማ ገብቶ የንጉሡ አጃቢዎች እስኪመጡ ከአንድ ወር በላይ ጠብቋል። ከዚያ በኋላ ለእርሱ ስንቅ አያሳስብም፤ ድርጎው በንጉሥ ትእዛዝ በየመንደሩ ላይ ተጥሏልና። ከፋዩ ገበሬው ነው። በነፃ ተጓዘ የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ጎተራ የተጓዘ ነው።

ገንዘብ የያዘም ቢሆን የትኛው ገንዘብ የት እንደሚሠራ ማወቅ ነበረበት። በደጋው ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነው፤ ማዶ ሲሻገር አሞሌው ለወጥ ብቻ የሚሆን ጨው ይሆናል። በሸንዲ ገበያ ማሽላና ዳሙር የሚባል የጥጥ ጨርቅ እንደ ዝርዝር ያገለግሉ ነበር። በሁሉም ዘንድ የሚታመነው ማርትሬዛ ብር ነው፤ ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ የተጻፈበት ዓመት ሁልጊዜ 1780። እርሱም ቢሆን እንዲሁ አይቀበሉትም። ገበያተኛው ብሩን ገልብጦ ያያል፣ የንግሥቲቱን ዘውድና ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ነጠብጣብ በጣቱ ይቆጥራል፤ የተፋቀ ወይም ነጠብጣቡ የጠፋ ከሆነ ይመልሳል። ስለዚህ ጥቂት ብር የያዘ መንገደኛ ምርጥ ምርጡን ለይቶ መያዝ ነበረበት፤ መቶ ብር ላለው ሰው አንዱ ቢመለስበት ምንም አይደለም፣ ሦስት ብር ላለው ግን የጉዞው ሲሶ ተመለሰ ማለት ነው።

የስንቁ ነገር በደጋ ሰው ዘንድ የታወቀ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ በርበሬ፤ ለሚችል ቋንጣ። እነዚህ ቀላል፣ የማይበላሹ፣ እሳት የማይፈልጉ ናቸው። በቆላው ሌላም ጥቅም ነበራቸው፤ የማን እጅ አረደው የሚል ጥያቄ አያስነሡም። ከቋንጣው በቀር ጾመኛውም፣ እስላም መንደር ያደረ ክርስቲያንም በሶውን በጥብጦ ይጠጣል። ለኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች፣ በናይል በኩል ወደ ግብፅ ለሚወርዱት ደገኞች፣ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ከቆላ ወዲያ ስንቁ ሲያልቅ የማሽላ ኪስራና ገንፎ ይተካል።

ማደሪያን በተመለከተ መንገዱን በሙሉ በእንግዳ ማረፊያ ለመሸፈን የታሰበበት አንድ ጊዜ ነበር። በባዝል አጠገብ ያለው የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን፣ በስፒትለር መሪነት፣ ከግብፅ እስከ ኢትዮጵያ 12 ጣቢያዎች ሊተክል አሰበ፤ እያንዳንዱ በአንድ ሐዋርያ ስም የሚጠራ፣ መንገዱም የሐዋርያት ጎዳና የሚባል። ሚሲዮናውያኑ ራሳቸው የእጅ ሙያተኞች ናቸው፤ በሙያቸው እየሠሩ እንዲተዳደሩ ነው የተላኩት። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መተማ ላይም ጣቢያ ነበራቸው። ቤከር ሲጎበኛቸው አንዱ በንዳድ ተይዞ ተኝቶ አገኘው። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር፤ ቆላውን ግን አላወቀውም፣ ጎዳናውም ሳይሞላ ቀረ። ተክሩሮች ያለ ዕቅድ የሠሩትን፣ ማለት የራሳቸው ሰው በየቦታው ሰፍሮ የሚመጣውን ዘመዱን የሚያሳድርበትን ሰንሰለት፣ የባዝሉ ሚሲዮን በዕቅድ ሊሠራው አልቻለም።

ከ1877 እስከ 1881 ዓ.ም. ድረስ መንገዱ የጦር መንገድ ሆነ። በ1876 ዓ.ም. በተፈረመው የዓድዋ ውል መሠረት በሱዳን በግብፅ አገዛዝ ላይ በተነሡት በመሐዲስቶች የተከበበው የገላባት ግብፃዊ ጦር በኢትዮጵያውያን እርዳታ ወጥቶ በደጋው በኩል ወደ ምጽዋ ተሸኘ። በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶቹ አዝማች የአቡ አንጃ ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሣር ውኃ ላይ አሸንፎ ጎንደርን አቃጠለ፤ የወጣውም የነጋዴውና የተሳላሚው መንገድ በሆነው በዚሁ መንገድ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። የተክሩሮቹ ገበያ ባዶ ቀረ፣ ሰፋሪዎቹም ተበተኑ። ለሁለት መገበር የሚያዋጣው ሁለቱም ግብር ሲፈልጉ ነው፤ ሁለቱም መሬቱን ሲፈልጉ ግን በመሐል የቆመው ይጠፋል።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እንግሊዝ የተፈራረሙት ውል ገላባትን ለሱዳን፣ መተማን ለኢትዮጵያ አደረገ፤ በተከታዩ ዓመት ሜጀር ቻርልስ ግዊን መስመሩን መሬት ላይ አመለከተ። ቡና፣ በተለይ የዘጌ ቡና፣ እንደገና በዚህ በር ወጣ። ለድሃው ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከማዶ ነው። የሱዳን ባቡር እ.ኤ.አ. በ1928 ገዳሪፍ ደረሰ፣ በ1929 ደግሞ ከሰናር ጋር ተገናኘ። ከዚያ ወዲህ ገዳሪፍ የደረሰ ሰው የመጨረሻውን ማዕረግ ትኬት ገዝቶ ካርቱም ወይም ፖርት ሱዳን መግባት ቻለ፤ ዓመት የሚፈጀው መንገድ ቀናት ሆነ። በልዋጩ የይለፍ ወረቀት መጣ። ሰው ከጭነቱ በፊት እርሱ ራሱ የሚፈተሽበት ዘመን ተጀመረ፤ ባዶ እጅ መሆንም ኬላ ማለፊያነቱ ቀርቶ መጠርጠሪያ ሆነ።

ቀጥሎ ያለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ስለ መንገደኛ ብዙ የሚያስተርክ አይደለም። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. እንግሊዞችና ጣሊያኖች በገላባት ተዋጉ፣ በ1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረት (ኢዲዩ) መተማን ይዞ ጥቂት ወራት ቆየ። በደርግ ዘመን ወደ ሱዳን የወጣው ሰው ስደተኛ ነበርና ዋናውን መንገድ ሸሽቶ በጫካ፣ በሌሊት፣ መሪ ከፍሎ ሄደ። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ከጎንደር በእግራቸው የወጡት ቤተ እስራኤላውያን በገዳሪፍ አጠገብ ባለው ኡም ራኩባ ካምፕ ተጠራቀሙ፤ በመንገድና በካምፕ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ያ ሰው ያለቀው በርሃብ፣ በውኃ ጥምና በበሽታ ነው፤ ወቅቱን መርጦ፣ ቅፍለት ጠብቆ፣ ሥራ እየሠራ መሄድ ያልቻለ መንገደኛ የሚገጥመው ይህ ነው።

ዛሬ ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ የሚወርደው ትልቁ የድሃ ጉዞ ድንበር አይሻገርም። ከጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደርና ከወሎ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ነው። እዚህ ላይ ታሪኩ ተገልብጧል። የድሮው ምክር በክረምትና በንዳድ ወራት ቆላ አትውረድ ይል ነበር፤ ሰሊጥ ግን የሚታረመው በሐምሌና በነሐሴ፣ የሚታጨደው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው። ጥቂት ቀን ከዘገየ ፍሬው ከራሱ ላይ ይረግፋልና ባለ እርሻው ሰው የሚፈልገው ልክ ወባ በምታይልበት ሰሞን ነው። ሠራተኛው አጎበር ካልያዘ፣ ማታ ውጭ ካደረ፣ ወባ ብቻ አይደለም የሚያሰጋው። በመረሬው ስንጥቅና በግራር ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ካላዛርን ታስተላልፋለች፤ ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ካልታከመ ይገድላል። በቆላ ያልተወለደ ሰው ይበልጥ ይጠቃል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ደጋ የካላዛር ወረርሽኝ ሲነሣ በሽታው የመጣው ከመተማና ከሑመራ እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። ለዚህ መንገደኛ በሶው ላይ አጎበር መጨመር ከማንኛውም ሌላ ምክር ይቀድማል፤ ሲመለስ ትኩሳት ከያዘውም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምና ማዕከል አለ።

የሱዳኑ ጦርነት ሳይነሣ ድንበሩን ይሻገሩ ከነበሩት መካከል ደግሞ ከካይሮ ተነሥተው እስከ ኬፕ ታውን የሚወርዱ ነጭ ባለሻንጣዎች ነበሩ፤ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ በብስክሌት የሚያልፉም ተጨምረው ነበር። እነዚህ እርስ በርሳቸው ይመካከሩት የነበረው ምክር ብሩስን ባላስገረመው ነበር። ሱዳን ከ1997 እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ማዕቀብ ሥር ስለነበረች የውጭ ባንክ ካርድ አይሠራም ነበር፤ የጉዞውን ወጪ በሙሉ በጥሬ ዶላር፣ ያውም ባልታጠፈና ባልተቀደደ ኖት፣ መያዝ ግድ ነበር። ብርና የሱዳን ፓውንድ የሚመነዝሩ ሰዎች ድልድዩ አጠገብ ይጠብቁ ነበር፤ ምክሩ ቆጥረው ሳይጨርሱ ገንዘብ አለመልቀቅ ነበር። በጊዜ መድረስም ያስፈልግ ነበር፤ የድንበሩ ጽሕፈት ቤት ከተዘጋ በኋላ የመጣ መንገደኛ መተማ ያድር ነበር። በዚያው ድልድይ ያልፍ የነበረው ኢትዮጵያዊ ወጣት ግን ምክሩን የሚቀበለው ከደላላ ነበር። ካርቱም ሻይ ለመሸጥና በሰው ቤት ለመሥራት የሚሄዱ ሴቶች፣ በሊቢያ በኩል አውሮፓ ለመግባት የሚያስቡ ወንዶች አሁን ሂዱ፣ በኋላ ሠርታችሁ ትከፍላላችሁ ይባሉ ነበር። ተክሩሩ እየሠራ የሄደው ለራሱ ነበር፤ ለደላላ ዕዳ የገባው ግን የሚሠራው ዕዳው እስኪያልቅ ነው፤ ዕዳውም መንገድ ላይ እየጨመረ ይሄዳል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የመንገዱ አቅጣጫ ተገለበጠ። ሱዳናውያን፣ ከሱዳን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን፣ እዚያ ይኖሩ የነበሩ የብዙ አገር ዜጎች በጥቂት ሳምንት ውስጥ በሺዎች ሆነው ወደ መተማ ተሻገሩ። ብዙዎቹ እስከ ገላባት ለተሳፈሩበት አውቶብስ የነበራቸውን ገንዘብ ጨርሰው ነው የደረሱት። ምዝገባ፣ ውኃና የጤና ምርመራ ያገኙት ድንበሩ ላይ ነው፤ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ከመተማ ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ መጓጓዣ አቀረበ፤ ሱዳናውያን ስደተኞች ደግሞ በምዕራብ ጎንደር ዞን በኩመርና በአውላላ ሰፈሩ።